እሳት ያላየ ወተት

በእኛ ቤት ወተት እሳት አይቶ አያውቅም ነበር። እናቴ አፍልታ አታውቅም፣ ሚስቴም አፍልታ አታውቅም። ወተት ምድጃ ላይ የጣደ ሰው የላሚቱን ግት እንደጣደ ይቆጠራል፤ ግቷ ይነድዳል፣ ወተቷ ይነጥፋል ይባላል። በተለይ አንዲት ጠብታ ገንፍላ ፍም ላይ ከወደቀች ላሚቱ አለቀላት። ግራና ከተማ አጠገብ ባለችው ቀበሌያችን ይህን የማያምን ሰው አላውቅም። እኔም አምን ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

በምትኩ እናጥናለን። ማለቢያውን ቅል አጥበን፣ የወይራ ስንጥር አንድደን፣ ጭሱን ቅሉ ውስጥ አፍነን እናቆየዋለን። በታጠነ ቅል የታለበ ወተት ይሸታል፣ ይጣፍጣል፣ ቶሎም አይበላሽም። ይህን ዛሬም አልክድም። የተሳሳትነው ጭስ የገባበት ሁሉ ጸድቷል ማለታችን ላይ ነው። ጭሱ የሚያጥነው ቅሉን ነው። ላሚቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ማን አጠነው?

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ወልድያ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ሰው አገባች። እውነቱን ለመናገር ልጁን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም። እጁ ለስላሳ ነው፤ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። ሲናገርም ቀስ ብሎ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለኛል። እሷ ግን ወደደችው።

የመጀመሪያ እርግዝናዋ አራት ወር ሲሞላው ሦስት ሳምንት ልትቆይ ወደ እኛ መጣች። እሷ ከመምጣቷ ጥቂት ቀደም ብሎ ዳለቻዋ ላሜ የስምንት ወር ጥጃዋን አስወርዳ ነበር። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች፣ አታወርድም። ስለዚህ እኛ አገር የሚደረገው የታወቀ ነው፤ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ይገፉታል፣ ጨው ይነሰንሱበታል፣ ጭድ ሞልተው ይሰፉታል። ሊያልቧት ሲሉ ፊቷ ያቆሙላታል። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ወተቱን ታወርዳለች። እኔም ይህንኑ አደረግሁ፣ በባዶ እጄ። ጥጃውን ስቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንግዴ ልጁንም በእጄ ይዤ ሄጄ ወንዝ ዳር የጣልኩት እኔው ነኝ። እጄን የታጠብኩት ምሳ ሲቀርብ ነው።

ልጄ በመጣች ማግስት ጠዋት በረቱ በር ላይ ቆማ ያንን የጭድ ጥጃ አየችው።

«አባየ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥጃ።»

«ምኑ ነው ጥጃ? ጭዱ በሆዱ በኩል እየወጣ ነው እኮ።»

«ላሚቱ ጥጃ ነው ካለች ጥጃ ነው። አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ሳቀች። እጇን ዘርግታ ጆሮውን ዳሰሰችው። ሚስቴ ከጓዳ ስትወጣ አየቻትና «ውይ! አትንኪው! እርጉዝ ሴት እሱን አታይም!» ብላ በትከሻዋ ይዛ መለሰቻት። እኔ ደግሞ ከቅሉ ገና አረፋው ያልተኛ ወተት በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠኋት። ትኩስ ነው፣ የላሚቱ ሙቀት አልለቀቀውም።

«ጠጪ፣ ሁለት ሆነሻል» አልኳት። «የወልድያው ሰውሽ በላስቲክ የታሸገ ወተት ነው የሚገዛልሽ። የየትኛዋ ላም እንደሆነ ሻጩም አያውቀው። ይሄ ግን ላሟም ይቺው፣ አላቢውም እኔ!»

እንዲህ ብዬ ፎከርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቤተሰቡ ሳይቀምስ ለእሷ ቀዳሁላት።

ወልድያ ከተመለሰች ወር አልሞላትም፣ ስልክ ተደወለ። ጽንሱ ወረደ። አምስት ወር አልፎት ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ። አማቼ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ አጠገቡ ቆሟል። ሰላምታም አልሰጠሁት።

«በዚህ ጣሳ እያንገጫገጭክ የልጅ ልጄን አስጣልክብኝ!»

«አባ፣ የጫንኳት ከመናኸሪያ እስከ ቤት ነው። እሱም በዝግታ።»

«ዝግታህን እዚያው ያዝ! አንተ እንኳን ሰው፣ ድንችም አትጭን!»

ጎረቤት ወጥቶ እያየን ነው። ልጁ ቤት ገብቶ ወንበር አመጣና «ይቀመጡ» አለኝ። ወንበሩን በእግሬ ገፋሁት፣ ወደቀ። ልጄ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሁለት ጥፋተኛ ነበር። እኔ ዘንድ ባጃጁ፣ ሚስቴ ዘንድ የጭዱ ጥጃ። «የሞተ ነገር አይታ ነው፣ ነግሬያት ነበር» ትላለች። ወደ ብርጭቆው ያየ ሰው የለም።

ወራት አለፉና እኔ ራሴ ታመምኩ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ያልበኛል፣ ይሄዳል፤ ዳንኩ ስል ይመለሳል። ወገቤንና ጉልበቴን ሌላ ሰው ያዋሰኝ ይመስል አልታዘዝ አሉኝ። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ የወባ ክኒን ዋጥኩ። አልሆነም። ታይፎይድ ነው ተባልኩ፤ የእሱንም ዋጥኩ። አልሆነም። ሚስቴ «ይሄ የክፋትህ ትኩሳት ነው» አለችኝ። ሳስበው ብዙም አልራቀችም።

በመጨረሻ መርሳ ከተማ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረችኝ ሴት ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም።

«አባቴ፣ ከብት አለዎት?»

«ከብት የሌለው ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ያስወረደች ላም ነበረች?»

«ላሜን ነው እኔን ልታክሚ የተቀመጥሽው?»

«ሁለታችሁንም» አለች። አልሳቀችም። «ጥጃውን በእጅዎ ነው ያወጡት?»

«በምን ላውጣው ታዲያ? በማንኪያ?»

«ወተቱንስ አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?»

«ወተት አይፈላም» አልኳት።

«እሳት ላይ ከጣዱት ይፈላል፣ አባቴ።»

ደም ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ በሽታው ከከብት የሚመጣ ነው፣ በወተትም በውርጃም ይተላለፋል አለችኝ። ለስድስት ሳምንት የሚዋጥ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጠችኝ፤ «ተሻለኝ ብለው በመሃል እንዳያቆሙት» አለች። አንድ የታተመ ወረቀትም ጨመረችልኝ። «የሚያነብልዎት ሰው አለ?» ስትለኝ ተናደድኩ። ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ ከልጆች ዴስክ ስር አልገባ እያለ። «እኔው አነበዋለሁ» አልኳትና ወጣሁ።

መርሳ መናኸሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ጥሬ ወተት አይጠጡ ይላል። አፍልተው ይጠጡ ይላል። ከሱ በታች፣ በሽታው በእርጉዝ ሴት ላይ ውርጃ ሊያስከትል ይችላል ይላል። እዚያ ላይ ጣቴ ቆመ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ አንዳንዴም ፊደል እሳሳታለሁ። ስለዚህ እንደተሳሳትኩ ቆጠርኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ረዳቱ «ግራና! ግራና!» እያለ ይጮኻል፤ መኪናው ሞልቶ ሄደ፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ፊደል በመማሬ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተነስቼ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ሌላ ሰው ይዛ ነበር፣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት።

«ልጄ ናት» አልኳት። «ነፍሰ ጡር ሆና በእጄ አጠጣኋት። ሦስት ሳምንት። ከዚያ ወረደባት።»

አየችኝ፤ አስተያየቷ መጀመሪያ እንደገባሁ ያየችኝ ዓይነት አይደለም።

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል» አለች። «አሁን ማንም በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ልጅዎት ትመርመር። ካለባት ትታከማለች፣ ገና ትወልዳለች።»

«የላስቲኩ ወተትስ? እሱስ እሳት አይቷል?»

«አይቷል። ፋብሪካው በልኩ አሙቆ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ ነው የሚያሽገው። እርስዎ በድስት የሚያደርጉትን እሱ በማሽን ያደርገዋል፤ ሌላ ተአምር የለውም።»

«በድስት አድርጌው አላውቅማ» አልኳት።

ወልድያ ሄጄ ለልጄ ነገርኳት። ባሏ ሥራ ላይ ነበር፣ ሆን ብዬ የሌለበትን ሰዓት መርጬ ነው። ወረቀቱንም አነበብኩላት፣ እሷ ከእኔ የተሻለ ታነባለች ግን እኔ ላንብበው አልኩ። ስጨርስ እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ እዚያ ምንም አልነበረም።

«አላወቁም እኮ፣ አባየ» አለችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተመረመረች፣ በሽታው እሷም ላይ ተገኘ፣ መድኃኒቱን ጨረሰች። ለአማቼ ግን ምንም አላልኩትም። በጎረቤት ፊት ጮኼ የሰደብኩትን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ለስድብ ጊዜ እንዲያ የፈጠነ አፍ።

ቤቴ እንደተመለስኩ የጭዱን ጥጃ አቃጠልኩት። ሚስቴ «ቆዳው ገና ለጠፍር ይሆን ነበር» ብላ አዘነች። ዳለቻዋ ግን በዓመቱ ሌላ ጥጃ ወለደች፣ ደህና፣ የምትዘል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው መጥቶ ከላሚቱ ደም ወስዶ ነበርና «ብትወልድም በሽታው ከወተቷ አይጠፋም፣ ሳታፈሉ እንዳትቀምሱ፤ ለሌላ ሰውም እንዳትሸጧት» አለን። አንድ ደላላ ሐራ ገበያ እንድወስዳት ሲወተውተኝ ለምን እንደማልሸጣት ነገርኩት። «አንተ ደግሞ፣ ላሚቱ ትናገራለች እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። «እኔ እናገራለሁ» አልኩት። ተሳድቦ ሄደ። ለብቻዋ አሰርኳት። ሚስቴ ግን ጥጃዋ ስትፈነጭ እያየች «እያት እንጂ! የታመመች ላም እንዲህ ያለ ትወልዳለች?» ትለኛለች። ማፍላቱን ማናችንም አልደፈርንምና ወተቱን እኔ እየደፋሁ፣ እሷ እያለቀሰች ከረምን።

በዚህ መሃል ልጄ ሁለተኛ ጸነሰች። እኛ ዘንድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሆና ነው የምትወልድ። እስከ ስምንተኛው ወር አለመጥራቴ ፈርቼ ነው። እሷው ደወለች።

«አባየ፣ እመጣለሁ። ግን ወተት እንዳትሰጡኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሰው በተወለደበት ቤት ይህን ሲል መስማት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝ። ግን ልክ ነበረች። ጽንሱ በሰላም ይወጣል ወይስ እንደ መጀመሪያው ከእኔ ቤት ደርሶ ይጠፋል፣ እሷም እኔም የምናስበው ይህንኑ ነው።

ስትመጣ የላስቲክ ወተት በፌስታል ይዛ መጣች። የግራናን ሙቀት በማያውቅ ሰው አይፈረድበትም፤ እሷ ግን ተወልዳበታለች፣ ከተማ አስረስቷት ነው። ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር እኛ ቤት የለም። በማግስቱ ላስቲኮቹ እንደ ፊኛ ተነፉ። አንዱን አንስቼ ጽሑፉን አነበብኩ፤ «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል።

«ቀዝቃዛ ቦታ የት ነው?» አልኩ። «ላሊበላ ልውሰደው?»

ልጄ ሳቀች፣ ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ። ወተቱን ለውሻው ደፋነው፤ ውሻውም አሽትቶ ተወው።

በሳምንቱ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመለስ ከስታለች፣ እንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል ተባለ። እንቁላሉን አገኘን። ወተቱ ደጅ ታስሮ ይጮኻል። ያኔ ቆረጥኩ። ከሰዓት በኋላ ላሚቱን አለብኩና ድስት አንስቼ ምድጃው ዘንድ ሄድኩ።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ላፈላ።»

«በቁሜ አታደርገውም! ላሚቱን በእሳት ልትፈጃት ነው?»

ልጄ ከመደቡ ላይ ሆና «እማየ፣ አሬራውን ለአይብ ስትጥዱት ላሚቱ ምን ሆነች?» አለቻት።

«አሬራ ሌላ ነው! አሬራ ቅቤው ወጥቶለታል!»

«ላሚቱ ቅቤው መውጣቱን በምን ታውቃለች?»

ሚስቴ ስትሸነፍ ድምጿን ነው የምትጨምረው። «ወልድያ ሄደሽ አፍ አወጣሽ!» አለች። እኔ ድስቱን ጣድኩት።

አሁን፣ ወተት አፍልቶ የማያውቅ ሰው ወተት እንዴት እንደሚፈላ አያውቅም። ውሃ ሲፈላ ይንቀለቀላል፣ እዚያው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። እኔ ወተቱንም እንዲያ ነው የጠበቅሁት። ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ ዝም ብሏል። ጫፉ ላይ ጠርዝ ጠርዙን አረፋ ያዘ። «አልፈላም እኮ» ብዬ ወደ ልጄ ስዞር ከኋላዬ ሽሽሽ አለ። ግማሹ ድስት ተነስቶ ፍሙ ላይ ተደፍቷል። ቤቱ በጭስና በተቃጠለ ወተት ሽታ ሞላ።

«ገደላት!» ብላ ሚስቴ ነጠላዋን ጥላ ወደ በረት ሮጠች። ከደጅ ድምጿ ይሰማል፤ «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ትላታለች ላሚቱን። ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔ ጣቴን አቃጥዬ ቆሜአለሁ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ፈርቻለሁ። የዕድሜ ልክ እምነት በአንድ ወረቀት አይወጣም።

ሚስቴ ተመልሳ መጣች። ልጄ «እህስ፣ ነደደች?» አለቻት።

«እያመነዠከች ነው» አለች ሚስቴ፣ እንደተካደ ሰው።

የቀረውን ወተት እንደገና ጣድኩት፣ አሁን ዓይኔን ሳልነቅል፣ ደህና አድርጎ እስኪፈላ። በብርጭቆ ቀዳሁት። ላዩ ላይ ስልባቦት ጣለ። ልጄ ተቀበለችኝና ሳትጠጣ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ አየች።

«ፈልቷል?»

«ግማሹ እሳት ውስጥ ነው ያለው። ሌላ ምስክር ትፈልጊያለሽ?»

ጠጣች። በጉሮሮዋ ሲወርድ እያየሁ ነበር፣ እያንዳንዱን ጉንጭ። የዛሬ ሁለት ዓመትም እንዲሁ ቆሜ ሳያት ኩራት ነበረብኝ። አሁን ትንፋሼን ይዣለሁ። በማግስቱ ጠዋት ዳለቻዋ እንደወትሮዋ ታለበች። ትንሽ ቀንሳለች ያለችው ሚስቴ ብቻ ናት፤ ያለበቻትም በንዴት ራሷ ናት።

ምጡ የመጣው አንድ ረፋድ ላይ ነው። አማቼ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ መርሳ ዘመድ ቤት አርፎ ነበርና ሲደወልለት ባጃጁን ይዞ ደረሰ። ልጄን በእኔና በእናቷ መሃል አስቀምጠን ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጁ እንዲያ ባለ ዝግታ ነዳ፣ የጫነ አህያ ቀደመን። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቆሞ ጎማውን በጠርዙ ያሳልፋል። በመስታወቱ ዓይኑን አየሁት፤ እኔን ነበር የሚያየው፣ ስድብ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

«ፍጠን እንጂ፣ መንገድ ላይ ልትወልድ ነው!» አልኩት።

«እሺ፣ አባ» አለ፣ ግን አልፈጠነም።

ሴቶቹ ገቡ። እኛ ሁለታችን ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ቀረን። ረጅም ሰዓት ነው። እሱ የባጃጁን መስታወት ይወለውላል፣ የተወለወለውን ደግሞ ይወለውላል። እኔ የቆምኩበትን አፈር በከዘራዬ እቆፍራለሁ። ውስጥ ያለው ነገር ክፉ ከሆነ ከዚያ በኋላ የምናገረው ቃል ዋጋ የለውም ብዬ አሰብኩ።

«ያኔ የተናገርኩህ» አልኩ።

«ይተዉት፣ አባ።»

«አልተወውም። ባጃጁ አይደለም። ወተቱ ነው። በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

መጥረጊያውን አጠፈው። «ነግራኛለች» አለ።

«መቼ?»

«ያኔውኑ። እርስዎ ነግረዋት በሄዱበት ቀን።»

ከዓመት በላይ ሆኖታል። ከዓመት በላይ ያውቃል፣ እየደወለ ደህንነቴን ይጠይቀኛል፣ አንዲት ቃል አላወጣም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ ነዋ» አለ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ።

የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነበር። ነበረውም፤ የእኔን ነው የደበቀልኝ።

የልጅ ለቅሶ ሰማን። ሁለታችንም ተራመድን፣ ሁለታችንም የት እንደምንሄድ ጠፋን። ሚስቴ ወጣች፤ «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለችና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ ከዘንቢሏ ፔርሙስ አውጥታ ሰጠችኝ። «ቅዳለት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አለች። ከፈትኩት። ወተት ነው፣ ይተናል፣ ስልባቦቱ አፉ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ቤት ሆነን ባጃጁን ስንጠብቅ፣ ማንም ሳያያት፣ ብቻዋን አፍልታዋለች።

«ላሚቱስ?» አልኳት።

«አትናገረኝ» አለች።

በፔርሙሱ ክዳን ቀድቼ ለአማቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አልጠየቀኝም፣ ወደ አፉ አስጠጋው። ገና ሳይቀምስ እጁን ይዤ «ፈልቷል» አልኩት።